ሚዛን ላይ ያልወጣው

ምን አየህ? ምን ሰማህ?

አፋር ምድር ላይ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው። ዳጉ ይባላል። ሰውየው የቱንም ያህል ቢቸኩል፣ ፀሐይ አናት ብትበሳ፣ ጥላ ፈልጎ ቁጢጥ ይልና የያዘውን ወሬ ያወርዳል፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ሰነበተ፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ በመንገዱ ማን አለፈ። ሕጉ ጥብቅ ነው። ያዩት ከታየው፣ የሰሙት ከተሰማው ጋር ለየብቻ ይቀመጣል። ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው ዳግመኛ የሚያምነው አያገኝም።

እኔ የአፋር ተወላጅ አይደለሁም። አባቴ ጥጥ ሊለቅም ከደጋ ወርዶ እዚሁ መልካ ወረር የቀረ ሰው ነው። ያደግሁት ግን ዳጉ በሚወርድበት ጥላ ሥር ነውና ወሬ ስነግር በዚያው ሕግ ነው የምነግረው። ዛሬም የማወራችሁ አንዳንዱን በፊልምና በፎቶ አይቼዋለሁ፣ አንዳንዱን አንብቤዋለሁ፣ ጥቂቱን ደግሞ ሲነገር ሰምቻለሁ። የሰማሁት ጋ ስደርስ ሰማሁ እላችኋለሁ።

በቀደም ማታ ነው። አዋሽ ዳር ነፋስ የሚባል ጠፍቶ፣ ምድሩ ቀን የጠጣውን ሙቀት እየመለሰ፣ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አራት ጎረምሶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው አገኘኋቸው። የቦክስ ግጥሚያ ዋዜማ ኖሯል። ሁለት ግዙፍ ሰዎች በየተራ ልብሳቸውን አውልቀው ሚዛን ላይ ወጡ፤ ቁጥር ተጠራ፤ ክንዳቸውን አሳበጡ። ከዚያ ግንባር ለግንባር ተገትረው ተፋጠጡ። በመሀላቸው የቆመው ሰውዬ እጁን እንደ አጥር ዘርግቷል።

“ጋሼ፣ ይሄኛው በ11 ኪሎ ይበልጠዋል። በቃ፣ አለቀ!” አለኝ አንደኛው።

“ኪሎውን ተወው፤ ዓይኑን እየው። ትልቁ ፈርቷል” አለ ጓደኛው።

የቡጢ ዋዜማ ጥያቄው ሁሌም እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሚዛኑ ምን አለ? ዓይንስ ምን አለ? ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ስለ ሌላ ሚዛን አወጋኋቸው። እናንተም ስሙኝ።

እኔ ሚዛንን የማውቀው ከጥጥ ነው። ጥጥ ሲያዩት የደመና ቁራጭ ይመስላል፤ ለለቃሚ ግን እሾህ ነው። ፍሬው ደርቆ ሲከፈት ቅርፊቱ አራት አምስት ቦታ ይሰነጠቅና ጫፉ እንደ መርፌ ይሾላል። ፈጥኖ የሚለቅም ሰው የጥፍሩ ሥር ይደማል፤ ቀስ ብሎ የሚለቅም ደግሞ ጆንያው አይሞላም። አባቴ ጎህ ሳይቀድ ማሳ ይገባል፤ ጤዛው ሳይደርቅ ጥጡ ከበድ ስለሚል። ከሰዓት በኋላ ለቃሚው ሁሉ ጆንያውን ተሸክሞ ሚዛን ጋ ይሰለፋል። ሦስት እግር ያለው አጣና ተተክሏል፤ ከመሀሉ ሚዛን ተንጠልጥሏል፤ ከሚዛኑ ሥር ማንጠልጠያ ብረት። ጆንያው ሲሰቀል መርፌው ይርገበገባል፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል።

አንድ ሚዛን አንባቢ ነበር። መርፌው ሳይረጋ፣ ወደ ታች ባለበት ቅጽበት ቁጥሩን ይጠራና “ቀጥል!” ይላል። ሁለት ኪሎ፣ ሦስት ኪሎ በዚያች ቅጽበት ትጠፋለች። ሌላው ለቃሚ ያጉረመርማል፣ ይሳደባል፣ ይለምናል። አባቴ አንድም ቃል አይወጣውም። ጆንያውን ሳያወርድ ይቆምና ሰውየውን ያየዋል። ፊቱ አይኮሳተርም፣ አይለማመጥም። ያየዋል ብቻ። ሰልፉ ይቆማል፤ ካቦው ይጮሃል፤ እሱ ግን አይነቃነቅም። መርፌው ይረጋል። አንባቢው ዓይኑን ወደ መርፌው ይመልስና ትክክለኛውን ቁጥር ይጠራል። እኔ ያኔ የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የውሃ ኮዳውን ይዤ ከኋላው ቆሜ ያንን አየሁ። አየሁ ነው የምላችሁ፣ ሰማሁ አይደለም።

አሁን ወደ ቡጢው እንምጣ።

ዘመኑ 1927 ነው፤ በፈረንጆቹ 1935። ቀኑ ሰኔ 18። ከተማው ኒውዮርክ። ማታ ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ሁለት የከባድ ሚዛን ቡጢኞች ይገናኛሉ። አንደኛው ፕሪሞ ካርኔራ ይባላል፤ የጣሊያን ልጅ፣ የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን። ሁለተኛው ጆ ሉዊስ፤ ጥቁር አሜሪካዊ፣ 21 ዓመቱ፣ በገንዘብ መደባደብ ከጀመረ አንድ ዓመት እንኳ ያልሞላው። የመጀመሪያ ክፍያውን ያገኘበት ግጥሚያ ሺካጎ ውስጥ ሰኔ 27 ቀን 1926 ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። ኒውዮርክ ላይ ግን ገና መግባቱ ነው።

በዚያ ዘመን ሚዛኑና ግጥሚያው በአንድ ቀን ነበር። ቀን ይመዘናሉ፣ ማታ ይደባደባሉ። ዛሬ ልጆቹ በስልክ የሚያዩት ከአንድ ቀን በፊት የሚደረገው ነው፤ ያም የመጣው በሌላ ምክንያት ነው። ቡጢ በሚዛን የተከፋፈለ ጨዋታ ነውና ሰው ከክብደቱ በታች ባለው ክፍል ለመግባት ጨው ይተዋል፣ ውሃ ይተዋል፣ ላብ የማያስተነፍስ ልብስ ለብሶ ይሮጣል፤ ገላውን እንደ ጨርቅ ይጨምቃል። ውሃ ያጣ ገላ ምን እንደሚሆን ለመልካ ወረር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ምላስ ይደርቃል፣ ራስ ይከብዳል፣ ጉልበት ይከዳል። እንዲያ ሆኖ ማታውኑ ቡጢ መቀበል ሞት መጋበዝ ስለሆነ መልሶ የሚጠጣበት አንድ ሌሊት ተጨመረለት። የከባድ ሚዛን ሰዎች ግን ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም። ለእነሱ ጣሪያ የለም። ሚዛን ላይ የሚወጡት ለመከልከል ሳይሆን ዓለም ቁጥሩን እንዲሰማ ነው።

ቁጥሩም ተጠራ። ካርኔራ፦ 260 ተኩል ፓውንድ፤ በእኛ 118 ኪሎ። ጆ ሉዊስ፦ 196 ፓውንድ፤ 89 ኪሎ ገደማ። ልዩነቱ 29 ኪሎ ነው። የ11 ኪሎ ብልጫ አይቶ “አለቀ!” ያለኝ ጎረምሳ ይህን ሲሰማ እጁን አፉ ላይ ጫነ። በቁመትም ካርኔራ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። አጠገብ ለአጠገብ የተነሱት ፎቶ አለ፤ አይቼዋለሁ። ሉዊስ አጭር ሰው አልነበረም፤ ከካርኔራ ጎን ሲቆም ግን ታናሽ ወንድም ይመስላል።

በዚያች ቀን የዋዜማ ተንታኝ ብሆን ኖሮ ምን እል ነበር? እንዲህ እላለሁ። የካርኔራ ብርታት ረጅም ግራ እጁና ክብደቱ ነው። በግራው እየነካ ያርቅሃል፤ ከቀረብከው ደግሞ ያቅፍህና ሸክሙን ትከሻህ ላይ ይጥለዋል። ስድስት ሰባት ዙር 118 ኪሎ የተሸከመ ሰው እግሩ እንጨት ይሆናል። ድክመቱ ያለፈው ዓመት ታይቷል። ሰኔ 7 ቀን 1926 ማክስ ቤር ከአሥር ጊዜ በላይ መሬት ጥሎት፣ በ11ኛው ዙር ዳኛው አስቁሞ ቀበቶውን ቀምቶታል። ያን ሁሉ ጊዜ መነሳቱ የልቡን ወኔ ይነግራችኋል፤ ያን ሁሉ ጊዜ መውደቁ ደግሞ አገጩን። ሉዊስስ? እጁ አጭር መንገድ ነው የሚሄደው። ሌላው ሰው ቡጢውን ከኋላ አምጥቶ እንደ መጥረቢያ ሲያነሳ፣ ሉዊስ ካለበት ነው የሚለቀው፤ ሲነሳም አይታይም። ያሠለጠነው ጃክ ብላክበርን ራሱ የቀላል ሚዛን ቡጢኛ የነበረ ሰው ነውና ትንሽ ሰው ትልቁን እንዴት እንደሚያፈርስ በገላው ያውቀዋል። እኔ ሉዊስን እመርጥ ነበር፤ ግን ከአራተኛው ዙር በፊት ይታቀፍብኛል ብዬም እሰጋ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች ከየት መጡ? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ጆ ሉዊስ የጥጥ ልጅ ነው። ግንቦት 5 ቀን 1906 አላባማ ውስጥ፣ በሰው መሬት ላይ ጥጥ ለእኩል ከሚያርሱ ቤተሰቦች ተወለደ። ስምንት ልጆች ነበሩ፤ እሱ ሰባተኛው። ይህን ባነበብኩ ቀን ጥቂት ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እናቱ በ1918 ልጆቿን ይዛ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዲትሮይት ሄደች። ለቫዮሊን ትምህርት የሰጠችውን ሳንቲም የቡጢ ማሠልጠኛ መክፈያ አደረገው፤ ይህ ታሪክ አሜሪካ ውስጥ የማያውቀው የለም። እጁ መጀመሪያ ያወቀው ግን የጥጥ ቅርፊት ነው።

ካርኔራም የድሃ ልጅ ነው። በሰሜን ጣሊያን ሴኳልስ በምትባል መንደር፣ ድንጋይ እየገጣጠመ ሞዛይክ ከሚሠራ አባት ተወለደ። ገና በልጅነቱ እንጀራ ፍለጋ ፈረንሳይ ገባ፤ በገላው ግዝፈት የተነሳ ሰርከስ ውስጥ የጉልበት ትርኢት ያሳይ ነበር። ቡጢ ያስጀመሩት ሰዎችም ያዩት ያንን ገላ ነው። አሜሪካ ሲገባ በወንበዴዎች እጅ ወደቀ፤ ገንዘቡን እነሱ በሉት። ከተቃራኒዎቹ አንዳንዶቹ ተከፍሏቸው እንደወደቁ ዛሬ ድረስ ይነገራል፤ ይህ ከሰማሁት ነው። የካቲት 3 ቀን 1925 ከእሱ ጋር የገጠመው ኧርኒ ሻፍ ወድቆ በቀናት ውስጥ ሞተ። በዚያው ዓመት ሰኔ 22 ጃክ ሻርኪን በስድስተኛው ዙር ዘርሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሙሶሊኒ ወዲያው የራሱ አደረገው። ሮም ውስጥ ቀበቶውን ሲከላከል ሙሶሊኒ ተቀምጦ አየው፤ ካርኔራ የፋሺስቶቹን ሰላምታ ሰጠ፤ ጋዜጦቹም የአዲሲቱ ጣሊያን ምልክት አሉት። ሲወድቅ የሚያሳይ ፎቶ ግን እንዳይታተም ተከለከለ።

ስለ ካርኔራ ክፉ ለመናገር ልቤ አይፈቅድም። በልጅነቴ ሚዛን ጋ ያየኋቸው ከከምባታ፣ ከወላይታ፣ ከወሎ የመጡ ጎልማሶች ነበሩ፤ ጉልበታቸው በሌላ ሰው ደብተር ላይ የሚጻፍ። ካርኔራም እንደነሱ ነበር። ሸክሙ የእሱ፣ ሒሳቡ የሌላ።

ግጥሚያው ከመድረሱ ወራት በፊት፣ ኅዳር 26 ቀን 1927፣ ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ የኢትዮጵያና የጣሊያን ወታደሮች ተታኮሱ። ከዚያ ወዲህ ሙሶሊኒ ወታደርና መሣሪያ በሱዌዝ ቦይ እያሻገረ ምጽዋ ያራግፍ ጀመር። ጃንሆይ አቤቱታቸውን ለመንግሥታት ማኅበር አቀረቡ። ይህን ሁሉ የኒውዮርኩ የሃርለም ሠፈር ጥቁር ሕዝብ በየቀኑ ጋዜጣ ላይ ይከታተል ነበር። ለእነሱ ኢትዮጵያ የሩቅ አገር አልነበረችም። በመጽሐፍ ቅዱስ ስሟን አውቀዋት፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን በስሟ የጠሩላት፣ በዓድዋ የነጭ ጦር የመለሰች አገር ነበረች። ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አውሮፕላን አብራሪ በዚያው ዓመት ከሺካጎ ተነስቶ አዲስ አበባ ገብቷል። ሐኪሙ መላኩ በያን፣ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው፣ እንዲህ ያሉ ሰዎችን እየፈለገ ለአገሩ ይመለምል ነበር። ኒውዮርክም ተወጥራለች፤ መጋቢት ላይ ሃርለም ውስጥ ረብሻ ተነስቶ ሱቆች ተሰባብረው ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሀል አንድ ግዙፍ ጣሊያናዊና አንድ ጥቁር ወጣት ፊት ለፊት ሊቆሙ ነው። ጋዜጠኞቹ ሌላ ምን ይጻፉ? ሙሶሊኒና ኃይለ ሥላሴ ናቸው አሉ።

ሉዊስ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ይህን ያነሳዋል። ለግጥሚያው ሲዘጋጅ ጥቁር ማኅበሮች እየመጡ፣ አንተ ኢትዮጵያን ወክለህ ነው የምትገባው ይሉት ነበር። ማርከስ ጋርቬይ የሚባለውን የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ ስም የሰማው እንኳ ያኔ ነው። በዚያ ዕድሜው ትከሻው ላይ ከባድ ሸክም እንደጫኑበት፣ ሰውየውን መምታት ብቻ ሳይሆን ለአንድ ዓላማ መምታት እንዳለበት ያኔ እንደገባው ይናገራል።

89 ኪሎ ብሎ ሚዛኑ ያነበበው ያንን ሸክም ሳይጨምር ነው።

የዓይኑን ነገር ደግሞ ላምጣው፤ ሁለተኛው ልጅ “ዓይኑን እየው” ብሎ ነበርና።

ከሉዊስ በፊት ጃክ ጆንሰን ነበር፤ በ1901 የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነው። ጆንሰን ሲመታ ይስቅ ነበር፣ ይሳለቅ ነበር፣ ደስታውን አይደብቅም ነበር። እኔ ያንን ሳቅ እወደዋለሁ፤ መብቱም ነበር። ነጩ አሜሪካ ግን አልማረውም። በ1902 ጂም ጄፍሪስን ሲያሸንፍ በየከተማው ጥቁሮች ተደበደቡ፣ ተገደሉ። ቀበቶውን በ1907 ካጣ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ አንድም ጥቁር ለዚያ ቀበቶ እንዲገጥም አልተፈቀደለትም። ስለዚህ የሉዊስ ማናጀር ጆን ሮክስቦሮ ለልጁ ሕግ አወጣለት። የወደቀ ተቃራኒ ላይ አትስቅም። አትፎክርም። ከነጭ ሴት ጋር ፎቶ አትነሳም። አሸንፈህም ተሸንፈህም ፊትህ አንድ ይሁን።

በፎቶው ያየሁት ያ ፊት ነው። ዛሬ ልጆቹ በስልክ የሚያዩዋቸው ቡጢኞች ይጮሃሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ግንባር ያጋጫሉ። ሉዊስ ግን ባዶ ግድግዳ እንደሚያይ ሰው ነው። ጋዜጠኞቹ እንቅልፋም አሉት፣ ደንዛዛ አሉት፣ ከዚያም የከፋ ብለውታል። እኔ ሳየው አባቴን ሚዛን ሥር ቆሞ ነው ያየሁት። ያ ፊት ባዶ አይደለም። መርፌው እስኪረጋ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

መሸ። ስታዲየሙ 60 ሺህ በሚጠጋ ሰው ሞላ። ከሃርለም የመጣው ጥቁር ሕዝብ እንደ ጎርፍ ነው፤ ጣሊያናውያኑም ከየሠፈራቸው መጥተዋል። ከአንድ ሺህ በላይ ፖሊስ ተሰማርቷል። አስተዋዋቂው ሃሪ ባሎግ ስም ከመጥራቱ በፊት ማይክሮፎኑን ይዞ ሕዝቡን ለመነ፦ ዘርና ሃይማኖት ሳትለዩ በጨዋነት ተመልከቱ፣ የተሻለው ያሸንፍ ሲል። በቡጢ ሜዳ እንዲህ ያለ ልመና ያልተለመደ ነው። ዳኛው አርተር ዶኖቫን ሁለቱን ወደ መሀል ጠራቸው።

ቆሙ። የሉዊስ ዓይን የሚደርሰው ካርኔራ አገጭ አካባቢ ነው። ቀና አላለም፤ ለማየት ቀና ማለት ለቁመቱ መስገድ ይሆናል። ወደ ታችም አላየም። ጓንቶቹ ተነካኩ፤ ተመለሱ። ደወል።

ግጥሚያው ረጅም አልነበረም፤ እኔም አላስረዝመውም። ገና በመጀመሪያው ዙር የሉዊስ ቀኝ ካርኔራን አፉ ላይ አግኝቶ ከንፈሩን አደማው። እንደፈራሁት ካርኔራ ሊያቅፈው ሞከረ፤ ሉዊስ ግን ያንን 118 ኪሎ በክንዱ ይዞ እንዳዞረውና ግዙፉ ሰው በድንጋጤ እንደተናገረ ይወራል። ይህን ሰምቼ ነው እንጂ አላየሁም። ያየሁት ስድስተኛው ዙር ነው። ቀኝ፤ ወደቀ። ተነሳ። ቀኝና ግራ፤ ወደቀ። ተነሳ። ሦስተኛ ጊዜ ወደቀ። አሁንም ተነሳ፤ ግን የሚይዘውን ያጣ ሰው ሆኖ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። ዶኖቫን ገብቶ መሀላቸው ቆመ። አለቀ።

የ29 ኪሎ ብልጫ በስድስት ዙር አለቀ። ስታዲየሙ ውስጥ አንድም ረብሻ አልተነሳም። ሃርለም ግን ሌሊቱን ሙሉ ጎዳና ላይ ነበር። ሉዊስም ወደ ጥጉ ሲመለስ አልሳቀም።

እዚህ ላይ ጎረምሶቹ አጨበጨቡ። “በቃ፣ ኢትዮጵያ አሸነፈች!” አለ አንዱ። እኔም በልጅነቴ እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ዳጉ ነው፤ የተሰማው ሁሉ ይነገራል።

ሪንግ ውስጥ ሚዛን አለ፣ ደወል አለ፣ ዳኛ አለ። ሰው ሲወድቅ ዳኛው መሀል ይገባል። ከሦስት ወር በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928፣ የሙሶሊኒ ጦር ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻገረ። የመንግሥታት ማኅበር አጥፊው ጣሊያን መሆኗን ወሰነ፤ ነዳጅ ግን አልከለከላትም። መሣሪያ ለሁለቱም አንሸጥም የተባለው ክልከላ የጎዳው መሣሪያ የማይሠራውን ወገን ብቻ ነበር። በጥቂቶቹ አውሮፕላኖቻችን ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ መጡ፤ የሰናፍጭ መርዝ ጋዝም ዘነበ። መሀል የሚገባ አልነበረም።

ጦርነቱ ወደ አፋር ምድርም ደርሷል። በመጋቢት 1928 መጀመሪያ ከአሰብ የተነሳ የጣሊያን ጦር የዳናክልን በረሃ አቋርጦ ሰርዶ ገባ፤ ዛሬ ሰመራ ካለችበት ብዙ አይርቅም። በዚያ በረሃ ጦር ይዞ መሻገር በውሃና በስንቅ እጦት የሚሞከር አልነበረም። ስንቁን ያቀበሉት አውሮፕላኖች ናቸው። ሥጋው በሙቀቱ እንዳይበላሽ በጎቹን ከነሕይወታቸው በጃንጥላ ያወርዱላቸው ነበር። የአፋር እረኛ ቀና ብሎ በግ ከሰማይ ሲወርድ አይቶ ይሆናል። ያንን ዕለት ዳጉ ላይ ምን ብሎ እንደነገረ ሳስብ ብዙ ጊዜ አምሽቻለሁ። አየሁ ነው የሚለው፤ ግን ማን ያምነዋል?

ሚያዝያ 24 ጃንሆይን የያዘው ባቡር ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ወረደ። በአዋሽ ጣቢያ በኩል፣ በገደሉ ላይ በተዘረጋው ድልድይ አለፈ። ከሦስት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ተያዘች።

የዚያ ዓመት ሰኔ የመከራ ሰኔ ነው። ሰኔ 12 ቀን 1928 ጆ ሉዊስ በዚያው ያንኪ ስታዲየም በጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር ተዘረረ፤ የመጀመሪያ ሽንፈቱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1930 ሰኔ ሽሜሊንግን በመጀመሪያው ዙር፣ በሁለት ደቂቃ ከአራት ሴኮንድ ጨረሰው። በዚያች የ1928 ሰኔ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ካርኔራም መንደሩ ሴኳልስ ውስጥ በ1959 አረፈ፤ ቀኑ ሰኔ 22፣ ሻምፒዮን የሆነበት ቀን ነበር።

ሽሜሊንግ ሉዊስን ከጣለ 11 ቀን በኋላ፣ ሰኔ 23፣ ጄኔቭ፣ የመንግሥታት ማኅበር አዳራሽ። ጃንሆይ ጥቁር ካባቸውን ደርበው ወደ መናገሪያው ወጡ። ቀጭን ናቸው፣ አጭር ናቸው፤ ሚዛን ላይ ቢወጡ ቁጥራቸው ማንንም አያስደነግጥም። አፋቸውን ሳይከፍቱ ከላይ ከጋዜጠኞች ሰገነት ፉጨት ተነሳ። የጣሊያን ጋዜጠኞች ናቸው። ያፏጫሉ፣ ይጮሃሉ፣ ይሳደባሉ። አዳራሹ ታወከ፤ የሮማኒያው ቲቱሌስኩ ብድግ ብሎ አስወጧቸው ብሎ ጮኸ፤ ጠባቂዎች ወደ ሰገነቱ ሮጡ።

ጃንሆይ ወረቀታቸውን ይዘው ቆመዋል። ፊታቸው አልተለወጠም። አልተቆጡም፣ አልተለማመጡም። ፎቶው አለ፣ አይቼዋለሁ፤ ያንን ፊት ከዚያ በፊት የት እንዳየሁት ልነግራችሁ አያስፈልገኝም። ፉጨቱ እስኪያልቅ ጠበቁ። ሰዎቹ ተጎትተው ወጡ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ።

ከዚያም በአማርኛ መናገር ጀመሩ።